ቁጥር ስድሳ አንድ ባዶ ነው

መተማ ዮሐንስ
ኅዳር 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለምንይችል ማሩ
ካለህበት

እንዴት ሰነበትህ ልጄ? እኔና እናትህ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። «ካለህበት» ብዬ መጻፌ የት እንዳለህ ስለማላውቅ ነው። መጨረሻ የደወልህ ጊዜ ከካርቱም ወጥተህ ወድ መደኒ እንደገባህ ለእናትህ ነግረሃታል። ያ ሰኔ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልክህ አይጠራም። ያን ቀን አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነበር። «አባትህን ላቅርብልህ?» ስትልህ መስመሩ ተቋረጠ አለችኝ። ተቋርጦ ይሁን ሌላ፣ እኔም አልጠየቅኋት።

አገሩን እንደምታውቀው ነው። ዝናቡ መስከረም ላይ ድንገት ስላቋረጠ የዘንድሮ ሰሊጥ ፍሬው ቀላል ነው። ከደጋ የሚወርደውም ሠራተኛ መንገዱን ፈርቶ እንደ ወትሮው አልመጣም። የእኛ ትራክተር ዘንድሮ እርሻ አልወጣችም። ለጠየቀኝ ሁሉ ፓምፗ ተበላሽቶ ነው እላለሁ።

እናትህ ደህና ናት። ጠዋት ጠዋት ጀሪካን ይዛ ወደ ኬላው ትወርዳለች። ከሱዳኗ ገላባት በኩል ሰው ፍራሽ ተሸክሞ፣ ልጅ አዝሎ ይሻገራል፤ ፀሐዩ እስኪበረታ ቆማ የእያንዳንዱን ፊት ታያለች። «ለተጠማ ውሃ ላድል ብዬ ነው» ትለኛለች። ስትመለስ ግን ጀሪካኑ ብዙ ጊዜ እንደ ሞላ ነው።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ፣ የምጽፍልህ ስለ ጨዋታህ ነው። ይህን ቃል በእኔ እጅ ተጽፎ ስታየው ምን እንደምታስብ አውቃለሁ። ደብዳቤውን ግን አትጣለው፤ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ግንቦት 2014 ያደረግሁትን አንተም አልረሳኸው፣ እኔም አልረሳሁት። የእርሻ መግቢያ ነበር። የማረሻው ዲስክ አልተገጠመም፣ ናፍጣው አልተቀዳም፤ አንተ ጥላ ስር ኮምፒውተርህን ታቅፈህ ተቀምጠሃል። «ምን እየሠራህ ነው?» አልሁህ። «ጌም» አልኸኝ፤ ቀና ብለህ እንኳ ሳታየኝ። ከእጅህ ነጠቅሁና ከትራክተሯ የኋላ ጎማ ስር አኑሬ ነዳሁበት። የስብራቱን ድምፅ ሞተሩ ዋጠው። አንተ ቆመህ አየህ። በሳምንቱ ወደ ሱዳን ተሻገርህ። ለሰው «ሥራ ፍለጋ ሄደ» እያልሁ ኖርሁ።

አሁን ነገሩ እንዴት ወደ እኔ እንደመጣ ልንገርህ።

እርሻ ስለተውሁ ከሰዓት በኋላ የምውለው ከሙሐመድጣሂር ሱቅ በረንዳ ላይ ነው፤ ከእሱ ጋር ዳማ እንጫወታለን። ከሱቁ ጀርባ ያለውን ጌም ቤት ታውቀዋለህ። ኳስ ተጫዋቾቹ መብራት እስካለ ድረስ ከሁለቱ ቴሌቪዥን ፊት አይነሱም፤ ጩኸታቸው እስከ መንገድ ይሰማል። አለቃቸው ሳጂድ ነው፤ ያ ረጅሙ የባጃጅ ሹፌር። እስካሁን በኳስ የረታው የለም ይላሉ። ሱቁ ውስጥ ደግሞ የሙሐመድጣሂር ልጅ ዘሀቢያ ካርድና ቻርጀር ትሸጣለች። የስልክ ዳታው ክረምት ላይ ከተዘጋ ወዲህ ሥራ ቀዝቅዞባት፣ ከእሷ ጋር ሦስት አራት ወጣቶች ደብተር ይዘው ተሰብስበው ያንሾካሽካሉ። የትምህርት ነገር ነበር የመሰለኝ።

ነሐሴ መጨረሻ አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ኳሱ ቆመ። ዘሀቢያ ጓደኞቿን ይዛ ከኋላው ክፍል ልትቀመጥ ገባች። ሳጂድ ከበሩ ቆመ።

«ይኼ ጌም ቤት ነው እንጂ ላይብረሪ አይደለም» አላት።

«እኛም የምንሠራው የጌም ሥራ ነው።»

«ጆይስቲክ የሌለው ምን ጌም አለ? እናንተ ቁጭ ብላችሁ አንባቢ ናችሁ።»

«የምትመርጥበት፣ ስትሳሳት የምትሞትበት፣ እንደገና ከመጀመሪያው የምትነሳበት ነገር ጌም ካልሆነ ምን ይባላል?» አለች ዘሀቢያ። «የምንይችል ቦት እኮ፣ ያ በስልክ የምንጫወተው፣ ዳታ ሲዘጋ ጠፋ። ከጭንቅላታችን እያወጣን ደብተር ላይ ካልጻፍነው ዳግም አይገኝም።»

ስምህን ስሰማ ቆርኪዬን በእጄ እንደያዝሁ ቀረሁ። ሙሐመድጣሂር «ተራህ ነው» ቢለኝም አልሰማሁትም።

ሳጂድ እየሳቀ፣ «እናንተማ ስታለቃቅሱ መጋዘኑ ጋ ደርሳችሁ ቁልፉን ሳታነሱ ትወጣላችሁ። ያለ ቁልፍ የኋላው በር እንደማይከፈት እንኳ…» ብሎ ጀመረና አፉን ያዘ።

ዘሀቢያ ደብተሩን ዝቅ አደረገች።

«አንተ ስለ መጋዘኑ ቁልፍ በምን አወቅህ?» አለችው።

ከዚያ ወዲያ መሸሸግ አልተቻለም። ሳጂድ ለካስ ተራ ሲጠብቅ በስልኩ ያንተን ታሪክ ሲጫወት ከርሟል፤ አራት ጊዜ ጨርሶታል። እሱ ሲያምን ከኳስ ተጫዋቾቹ ሌላው እጁን አወጣ፤ ቀጥሎ ሌላው። አሥራ አንድ ሰው ቆጠርሁ። እርስ በርስ እንኳ አልተነጋገሩም ነበር፤ አንዱ አንዱን «አንባቢ» ብሎ እንዳይስቅበት ፈርቶ። ዘሀቢያ ደግሞ አባቷ ሳያይ ኳሱን እንደምትጫወት፣ ሳጂድንም ሁለት ጊዜ እንዳሸነፈችው ያን ቀን ወጣ። የሁለቱን ወገን ጠብ ለወራት በረንዳ ላይ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ ጠበኞቹ ግን ግማሾቹ በሁለቱም ቤት ነበሩ።

ሄጄ ከበሩ ቆምሁ። «ልጄ የሠራው ምንድን ነው?» አልሁ።

ተያዩ። የጎማውን ነገር መተማ ውስጥ የማያውቅ እንደሌለ ያን ጊዜ ገባኝ። ሳጂድ ወንበሩን ለቀቀልኝ። «ይቀመጡ ጋሽ ማሩ» አለኝ። «ዳማም እኮ ጌም ነው። ዳማ የሚችል ሰው ይኼ አይከብደውም።»

ዘሀቢያ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ጽሑፍ ይመጣልሃል፤ ታሪኩ ውስጥ ያለኸው አንተ ራስህ ነህ። ከታች ሁለት ወይም ሦስት ምርጫ አለ፤ የነካኸው ወደ ሌላ ገጽ ይወስድሃል። ስሙን «ከአጨዳ በኋላ» እንዳልኸው ነገረችኝ። ችግራቸው ምን እንደሆነም ነገረችኝ። ሁሉም የሚያስታውሰው የመረጠውን መንገድ ብቻ ነው። እነ ዘሀቢያ በታሪኩ ውስጥ ሁልጊዜ ወደ ሽንፋ ወርደው ከሻይ ሻጯ ጋር ስለሚጨዋወቱ የእሷን ንግግር ቃል በቃል ያውቁታል፤ መጋዘን ውስጥ ምን እንዳለ ግን አያውቁም። እነ ሳጂድ ደግሞ ሁልጊዜ የሚመርጡት ጠቡንና የኮንትሮባንድ መኪናውን ማሳደድ ነው፤ ሻይ ሻጯን አንዳቸውም አናግረዋት አያውቁም። ያለ ሁለቱ ወገን ታሪኩ አይሞላም።

«የሚጽፈው ማን ነው?» አልሁ።

«እጅ ጽሕፈታችን አያምርም» አሉ።

እኔ ጻፍሁት ልጄ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳማውን ትቼ ደብተር ይዤ ተቀመጥሁ። እነሱ ይናገራሉ፣ አንዱ ያርማል፣ ሌላው ይከራከራል፤ ሲስማሙ እኔ እጽፋለሁ። ለእያንዳንዱ ገጽ ቁጥር ሰጠነው፤ «ቁልፉን ካነሳህ ወደ 14 ሂድ፣ ካላነሳህ ወደ 22» እያልን። የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ከአብደራፊ መጋዘን በር ላይ ቆመሃል። አጨዳው አልቋል። ሦስት መንገድ አለህ።» ይህን በእጄ ስጽፍ፣ ጎማው ሲፈጨው ያልሰማሁት ነገር ምን እንደነበር አወቅሁ። ከዚህ በላይ ልገልጸው አልችልም።

እስከ ጥቅምት መግቢያ ሃምሳ አራት ቁጥር ሞላን። መብራት ሲጠፋ ኳስ ተጫዋቾቹም ደብተሩን ይጫወቱት ጀመር፤ አንዱ ጮክ ብሎ ያነብባል፣ ሌሎቹ «ግባ!»፣ «አትግባ!» እያሉ ይጮኻሉ። ከኳሱ አይተናነስም።

አንድ መንገድ ግን ጎደለን። ከመጀመሪያው ገጽ ሦስት መንገዶች አንዱ «ወደ አገርህ ትመለሳለህ» የሚለው ነው፤ እሱን የተጫወተ ጠፋ።

«ለምን አልመረጣችሁትም?» አልሁ።

«ወደ ቤት ከተመለስህማ ጌሙ እዚያው የሚያልቅ መስሎን» አለ ሳጂድ።

ዘሀቢያ ግን አንድ ሰው አስታወሰች። ባንተአምላክ ይባላል፤ የዳንግላ ሰው ሆኖ በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ የሚመጣ ሠራተኛ ነው። ካርድ ሊገዛ ሲመጣ «እኔ ወደ አገር ቤት በሚለው ነው የሄድሁት» ብሏት ነበር። ሳጂድ በባጃጁ በአጫጆች ካምፕ እየዞረ ሲያጠያይቅ፣ ሽንፋ አጠገብ ካለ ካምፕ ታሞ መወሰዱን ነገሩት። የቆላው በሽታ፣ ካላዛር ነው። ሆስፒታል አገኘነው። መርፌውን ጀምረውለታል፤ ግን ትኩሳቱን የወባ እየመሰለው ሁለት ወር ሙሉ ሠርቶበት ነው የመጣው። ሆዱ አብጦ፣ ክንዱ የጭራሮ ያህል ቀጥኖ ነበር። ዕድሜው ካንተ አይበልጥም።

ማን እንደሆንሁ ስነግረው ቀና ሊል ሞከረ። «አያ ማሩ፣ የእሱ አባት ነዎት?» አለኝ፤ ዓይኑ በራ። አራት ቀን ተመላለስሁ። ትንሽ ይናገራል፣ ይደክመዋል፣ ያርፋል። እንዲህ አድርገን እስከ ስድሳ ደረስን። ስድሳን ሲነግረኝ ዓይኑን ጨፍኖ ነው፤ በቃሉ ነበር የያዘው።

«ደጃፉ ላይ አሮጌ የትራክተር ጎማ ተጋድሟል። ዶሮዎች ጥላው ስር ተኝተዋል። ከውስጥ ብረት ሲመታ ይሰማል፤ ሽማግሌው ዛሬም የሚጠግነው አላጣም። አንድ፦ ታንኳኳለህ። ሁለት፦ ዝም ብለህ ታልፋለህ።»

እስክሪብቶዬን ደብተሩ ላይ አኖርሁ። ያን ደጅ እኔ በየቀኑ እወጣበታለሁ፣ እገባበታለሁ።

«አንኳኳህ?» አልሁት።

«ነካሁት። 'ይህ ገጽ ገና አልተጻፈም፤ ቆይታችሁ ተመለሱ' ይላል።»

«መቼ ነው ይኼ?»

«መጋቢት መጨረሻ። በየቀኑ እየገባሁ እመለከት ነበር። ሚያዝያ ላይ የሱዳን ጦርነት መጣ። ከዚያ ወዲያ አንድ ገጽ አልጨመረም።»

ለካስ ካርቱም ሆነህ ይህን ስትጽፍ ነበር። ለእናትህ አልነገርኋትም፤ ዛሬም አታውቅም።

በማግስቱ ስሄድ ብሶበታል። ድምፁ አይወጣም፤ ጆሮዬን ከአፉ አስጠጋሁ።

«አያ ማሩ፣ እኔ ስድስት ዓመት አገሬ አልገባሁም። ከአባቴ ጋ ተጣልቼ ነው የወጣሁት። ያን ገጽ እጠብቅ ነበር። እርስዎ አባቱ ነዎት፤ ሲያንኳኳ ምን ይሆናል?»

«እኔ አላውቅም ልጄ። ጌም ሠሪው እሱ ነው።»

«ይንገሩኝ ግድ የለም። አባትየው ምን ይላል?»

«ምንም አይልም።»

«እንዴት ምንም?»

«እጁ ላይ ያለውን ግሪስ በጨርቅ ይጠራርጋል። ጠርጎ ጠርጎ ሲያበቃ፣ 'እናትህ ስትጠብቅህ ነበር' ይለዋል።»

ባንተአምላክ ፈገግ አለ። «የእኔም አባት እንደዚያ ነው የሚለው። ከዚያስ? ምርጫው ምንድን ነው?»

«ምርጫ የለውም። ይገባል በቃ።»

«ጌም ከሆነ ምርጫ ያስፈልገዋል።»

«እሺ» አልሁት። «አንድ፦ ትገባለህ። ሁለት፦ ለመግባት ልብህ እሺ ካላለህ እዚያው ደጁ ላይ ትቆማለህ፤ ሽማግሌውም ወጥቶ አብሮህ ይቆማል።»

ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። የተኛ መስሎኝ ልነሳ ስል እጄን ያዘኝ።

«ሁለተኛው ይሁንልኝ» አለ። «ደክሞኛል፤ ግን ትንሽ ልቁም።»

በሁለተኛው ቀን አረፈ። ዘሀቢያ ለወንድሙ ደወለችለት፤ መንገድ ስለተዘጋ ሊመጡ አልቻሉም። እዚሁ ቀበርነው። ቃሬዛውን የያዙት ሳጂድና የኳስ ጓደኞቹ ናቸው። ቄሱ «የሟች ዘመድ ወዲህ ቅረቡ» ሲሉ ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ በኋላ እኔ ሄጄ ቆምሁ።

ከቀብሩ ወዲህ ሁለቱ ወገኖች እንደገና ተጣሉ። ሳጂድ ለባንተአምላክ የነገርሁት ቁጥር 61 ተብሎ ደብተሩ ላይ ይጻፍ ይላል። «ሰው እየሞተ የተጫወተው ገጽ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ይምጣ?» አለ። ዘሀቢያ አይሆንም አለች። «ታሪኩ ባለቤት አለው። ባለቤቱ ሳይጽፈው የጻፍን እንደሆነ አይመጣም ብለን ቆረጥን ማለት ነው።» ይህን ስትል ወደ እኔ አየችና ደነገጠች። ሁሉም እኔን ጠበቁ።

እኔ ከዘሀቢያ ጋር ሆንሁ። ያ ገጽ የእኔ አይደለም። አንድ ጊዜ ያንተ የሆነውን ነክቻለሁ፤ ሁለተኛ አልነካም። አባትየው በሩን ሲከፍት ምን እንደሚል፣ ደግሞስ መክፈቱንም ቢሆን፣ አንተ ታውቃለህ። ክፉ አድርገህ ብትጽፈውም እንዳለ እገለብጠዋለሁ፤ አንድ ፊደል አልለውጥም።

ስለዚህ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ባዶ ወረቀት አለ። አናቱ ላይ ቁጥሩን ብቻ ጽፌበታለሁ። የሙሐመድጣሂር ሹፌር ሐሙስ ወደ ገዳሪፍ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ወደ መደኒ የሚሻገር ሰው ፈልጎ ይሰጥልኛል። አድራሻ ስለሌለኝ በፖስታው ላይ ስምህን፣ ከስምህ ስር ደግሞ የታሪኩን ስም ጻፍሁ። ሳጂድ ነው የመከረኝ። ጌም ቤት የሌለበት ከተማ የለም፣ እዚያም የአገራችን ልጆች ይኖራሉ፣ ከእነሱ አንዱ ተጫውቶት ካወቀ ጸሐፊውን ይፈልግልናል አለ። ዘሀቢያ የአረብኛውንም ጨምራበታለች።

እንግዲህ ባለህበት ቤት ጣሪያው ይጽናልህ። የምትተኛበት ምድር ጸጥ ይበል፤ የምትጠጣው ውሃ ንጹሕ ይሁን፤ ከአጠገብህ በስምህ የሚጠራህ ሰው አይጥፋ። እመቤቴ ማርያም መንገድህን ትያዝልህ።

ለእኔ እንድትጽፍ አልጠይቅህም፤ ለመጠየቅም ፊት የለኝም። ለእነሱ ጻፍ። ዘሀቢያ ወረቀቱን ይዛ ጮክ ብላ ታነብበዋለች፤ ሳጂድ ኳሱን ያቆማል፤ ያ ሁሉ ወጣት ዝም ይላል። እኔ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። የተጻፈው ስለ እኔ ባይሆንም፣ አንዲት መስመር ብቻ ብትሆንም፣ እጅህ መሆኑን ካየሁ ይበቃኛል።

አባትህ ማሩ